በበሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፦ የአሜሪካ መደብሮችና በልብስ ስር የሚገባው ሽጉጥ

ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው በጋርላንድ ከተማ አንድ የአገራችን ሰው የከፈተው የባልትናና የእንጀራ መሸጫ አለ። በሩ የመስታወት ነው፤ ነገር ግን የበዓል ዝግጅቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዞው፣ የገንዘብ ማስተላለፊያውና የክፍል ኪራዩ ማስታወቂያ ስለሸፈነው መስታወትነቱ እምብዛም አይታወቅም። በቅርቡ ደግሞ አንድ ወረቀት ተጨምሮበታል። ባለሱቁ ከኢንተርኔት አውርዶ ራሱ ያተመው ሥዕል ነው፤ በቀይ ክብ ውስጥ ጥቁር ሽጉጥ ተቀምጦ ቀይ መስመር ተጋድሞበታል። «እስቲ እየው ወንድሜ፣ ይሄ ይበቃል?» ሲል ጠየቀኝ።

አይበቃም። ቴክሳስ ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጡን በልብሱ ስር ይዞ የሚሄድን ሰው ለመከልከል ሥዕል ዋጋ የለውም፤ ሕጉ የሚፈልገው ቃል ነው፣ ያውም ራሱ የጻፈውን ቃል። የግዛቲቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 30.06 ማስታወቂያው ምን ብሎ እንደሚጀምርና በምን እንደሚያበቃ ቃል በቃል ደንግጓል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መጻፍ አለበት፤ እያንዳንዱ ፊደል ቢያንስ አንድ ኢንች ቁመት ሊኖረው፣ ቀለሙም ከመደቡ ጎልቶ ሊታይ ይገባል። ይህም ሆኖ የሚመለከተው የተደበቀውን ብቻ ነው። ሽጉጡን በግልጽ ወገቡ ላይ ታጥቆ ለሚመጣ ባለፈቃድ አንቀጽ 30.07 ሌላ ማስታወቂያ ያዛል። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ደግሞ ቴክሳስ ያለፈቃድ መታጠቅን ስለፈቀደች፣ ፈቃድ የሌላቸውን ለመከልከል በአንቀጽ 30.05 የተመለከተው ሦስተኛ ማስታወቂያ አለ። እንግዲህ ምንም ዓይነት ሽጉጥ ሱቁ እንዳይገባ የሚፈልግ ነጋዴ ሦስቱንም መለጠፍ አለበት ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ነገር ግር ማሰኘቱ አይቀርም። እኛ የለመድነው ባንክም ሆነ ሆቴል ወይም የገበያ ማዕከል ስንገባ ቦርሳችንን አስከፍቶ፣ እጃችንን አስዘርግቶ የሚዳስሰንን ፈታሽ ነው። «የጦር መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ቢኖርም ክልከላውን የሚያስከብረው ጽሑፉ ሳይሆን ፈታሹ ነው። በአሜሪካ ሱፐርማርኬት በር ላይ ግን ፈታሽ የለም። ወረቀቱ ብቻውን ነው የቆመው። ታዲያ ብቻውን የቆመ ወረቀት ምን ይሠራል? እኔ እንደሚገባኝ ሽጉጥ አያስቆምም፤ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። በባለሱቁና በታጣቂው መካከል አስቀድሞ መናገር ያለበት ማን እንደሆነ፣ ዝም ያለስ እንደሆነ ዝምታው ለማን እንደሚቆጠር የሚወስን የሕግ ሰነድ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰው ክርክርም ከዚሁ የተነሣ ነው።

አስቀድሞ ብዙ ሰው የሚስተውን አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብትን የሚያስከብረው በመንግሥት ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሄለር በተባለው መዝገብ ሰው በቤቱ ሽጉጥ ሊኖረው እንደሚችል፣ በጁን 2022 ደግሞ ብሩን በተባለው መዝገብ መብቱ ከቤት ውጭም እንደሚከተለው ሲወስን፣ እጃቸውን የያዘው ግዛቶችንና ከተሞችን እንጂ ግሮሰሪዎችን አይደለም። ባለሱቅ ደንበኛን በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ቢያባርር ሕግ ይጠይቀዋል፤ ሽጉጥ ይዘሃልና ውጣልኝ ቢለው ግን የራሱን ይዞታ የማስከበር መብቱን ተጠቀመ ይባላል። በዚህ ረገድ በአገሪቱ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ባለሱቁ ምንም ሳይል ሲቀር ነው።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ የመረጡትም ምንም አለማለትን ነበር። በኦገስት 2013 የመሣሪያ ባለቤትነት ደጋፊዎች፣ የቡና መሸጫው ድርጅት ስታርባክስ የየግዛቱን ሕግ ተከትሎ ታጣቂዎችን ስላስተናገደ እናመስግነው ብለው፣ ሽጉጣቸውን ታጥቀው ወደ ቅርንጫፎቹ የሚሄዱበት ቀን ሰየሙ። ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ በኮነቲከት ግዛት ኒውታውን ነበር፤ ከስምንት ወር በፊት በሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች የተገደሉባት ከተማ። በዚያ ቀን የኒውታውኑ ቅርንጫፍ ከሰዓቱ ቀድሞ ተዘጋ። በቀጣዩ ወር የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሃዋርድ ሹልትዝ በግልጽ ደብዳቤ ደንበኞች መሣሪያ ይዘው እንዳይመጡ ጠየቁ፤ ይህም ልመና እንጂ ክልከላ አለመሆኑን፣ ክልከላ ያላደረጉትም ሠራተኞቻቸው ከታጠቀ ሰው ጋር እንዳይፋጠጡ ብለው መሆኑን ጨምረው ገለጹ። በ2014 በቴክሳስ ረጃጅም ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰዎች በምግብ ቤቶችና በመደብሮች ውስጥ እየተዘዋወሩ ፎቶ መነሣት ሲያበዙ፣ የምግብ ቤቱ ድርጅት ቺፖትሌ በሜይ፣ የመደብሩ ድርጅት ታርጌት በጁላይ ተመሳሳይ ቃል አወጡ። በሁሉም ውስጥ የምትደጋገመው ቃል «በአክብሮት እንጠይቃለን» የምትለዋ ናት።

ከዚያ 2019 መጣ። ኦገስት 3 ቀን አንድ ወጣት ከዳላስ አቅራቢያ ከአሥር ሰዓት በላይ መኪና ነድቶ ኤል ፓሶ ደረሰና በአንድ የዋልማርት መደብር 23 ሰዎችን ገደለ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ሌላ ወጣት ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ ጠመንጃ ይዞ ሌላ ዋልማርት ገባ፤ አልተኮሰም። መብቴ ይከበር እንደሆነ ልፈትን ብዬ ነው አለ። በመደብሩ የነበረው ሰው ግን ከኤል ፓሶ ያላነሰ ድንጋጤ ደንግጦ ወጣ። ሴፕቴምበር 3 የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ዳግ መክሚለን የሽጉጥ ጥይት ሽያጭ እንደሚቆም፣ ደንበኞችም በግልጽ ታጥቀው እንዳይገቡ እንደሚጠየቁ አስታወቁ። የሱፐርማርኬቱ ድርጅት ክሮገር በዚያው ቀን፣ ፋርማሲዎቹ ሲቪኤስና ዋልግሪንስ እንዲሁም ግሮሰሪው ዌግማንስ በዚያው ሳምንት ተከተሉ። በቴሌቪዥን ዜና «ዋልማርት ሽጉጥ ከለከለ» ተብሎ ሲነገር የሰማ ብዙ ነው፤ መግለጫው ግን እንደዚያ አይልም። ፈቃድ ኖሮት ሽጉጡን ደብቆ ለሚይዝ ደንበኛ የቀድሞው አሠራር እንዳለ እንደሚቀጥል በግልጽ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። በእኛ ገጠር ጠመንጃ ትከሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ገበያ የሚወጣ ሰው ምንሽሩን አንግቶ ቢሄድ ማንም ዞሮ አያየውም፤ ሽጉጥ በጋቢው ስር ሸጉጦ የመጣውን ግን «ምን አስቦ ነው?» ይሉታል። በአሜሪካ መደብር ነገሩ ተገልብጧል፤ የሚያስደነግጠው የሚታየው ነው፣ የተደበቀው የጨዋ ነው። ለዚህ የነጋዴ ምክንያት አለው። የሚታይ ጠመንጃ ገበያተኛ ያባርራል፣ ፖሊስ ያስጠራል፣ መደብር ያስዘጋል፤ መክሚለንም በደብዳቤያቸው ሕግ አክባሪ ደንበኞች ሳያስቡት መደብር እንዲለቀቅ ምክንያት መሆናቸውን ጠቅሰዋል። የተደበቀ ሽጉጥ ግን ማንም ስለማያየው ማንንም አያስደነግጥም፤ ሽያጭም አይቀንስም። ስለዚህ ከ2013 እስከ 2019 የወጡት ልመናዎች አብዛኞቹ በተግባር የደንበኛውን ፍርሃት የሚመለከቱ እንጂ የሽጉጡን መኖር የሚመለከቱ አልነበሩም ማለት እችላለሁ። ይህን ስል ድርጅቶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ሱቅ ሱቅ ነው።

የተደበቀውንም ጭምር የከለከሉ አሉ። ኮስትኮ ከሥራ ላይ ካለ ፖሊስ በቀር ማንም መሣሪያ ይዞ ወደ መጋዘኖቹ እንዳይገባ ከረጅም ጊዜ በፊት ደንግጓል፤ አባልነትን መሠረት ያደረገ መደብር በመሆኑም አልታዘዝም ያለን ሰው ከአባልነት ሊሰርዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ክልከላን በወረቀት ማስፈርና በመተላለፊያው መካከል ማስፈጸም ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳየው ራሱ የኮስትኮ መደብር ነው። በጁላይ 2010 ላስ ቬጋስ ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ያለው አንድ ደንበኛ ዕቃ ሊመለከት ጎንበስ ሲል ሠራተኞች ሽጉጡን አዩበት። እዚህ አይፈቀድም ተባለ፤ ፈቃድ አለኝ አለ፤ ፖሊስ ተጠራ፣ መደብሩም እንዲለቀቅ ታዘዘ። ሰውየው ከሌሎች ገበያተኞች ጋር ሲወጣ ፖሊሶች ደጃፉ ላይ ተኩሰው ገደሉት። ጉዳዩን የመረመሩት የሕዝብ ዳኞች ፖሊሶቹ አላጠፉም ብለዋል። ቤተሰቡ ግን በዚህ አልተስማማም።

የካሸሩን ቦታ ወስደን እናስበው። የሥራ ልብስ የለበሰች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከፊቷ ወተትና ዳይፐር የጫነ ጋሪ፣ ከጋሪው ጀርባ ደግሞ ሸሚዙ ከፍ ሲል የሽጉጡ እጀታ ብቅ ያለበት ሰውዬ። መመሪያው ማናጀር ጥሪ ይላል። ማናጀሩ መጥቶ ምን ይላል? በሜይ 2020 ሚሺጋን ግዛት ፍሊንት ከተማ በአንድ ርካሽ መደብር የሚሠራ የጥበቃ ሠራተኛ አንዲትን ደንበኛ ማስክ አድርጊ በማለቱ ብቻ ተኩሰው ገድለውታል። ማስክ ያጋደለ ጠብ ሽጉጥ አስረክብ ሲባል ወዴት ሊሄድ እንደሚችል የማያውቅ የመደብር ኃላፊ የለም። ስለዚህ ነው ትልልቆቹ መደብሮች ሠራተኞቻቸው ከታጣቂ ጋር እንዳይከራከሩ የሚያዝዙት፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ወረቀቱ ነው።

ክልከላው ሰው ያድናል ወይስ ሰውን ያለመከላከያ ያስቀራል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሁለቱም ወገን ኪሱ ውስጥ ያዘጋጀው ምሳሌ አለ። የመሣሪያ ደጋፊዎች ኢንዲያናን ያነሣሉ። በጁላይ 2022 በግሪንዉድ ፓርክ የገበያ ማዕከል አንድ ሰው ምግብ መሸጫው አካባቢ ተኩሶ 3 ሰዎች ሲገድል፣ ከሴት ጓደኛው ጋር ገበያ የወጣ የ22 ዓመት ወጣት በልብሱ ስር የያዘውን ሽጉጥ አውጥቶ በ15 ሰከንድ ውስጥ ገዳዩን ጣለው። ነገሩን የሚያወሳስበው የማዕከሉ የሥነ ምግባር ደንብ መሣሪያ መያዝን የሚከለክል መሆኑ ነው፤ ወጣቱ ደንቡን ጥሶ ነበር የገባው፤ ማዕከሉ ግን ጀግና ብሎ አመሰገነው። የግዛቲቱን ሕግ ግን አልጣሰም፤ ኢንዲያና ያለፈቃድ መታጠቅን ከፈቀደች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር።

ተቃራኒው ምሳሌም ከዚያው ከመደብር ነው። በጁን 2014 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ምሳ ይበሉ የነበሩ ሁለት ፖሊሶችን ገድለው ወደ ዋልማርት ገቡ። ሽጉጥ ደብቆ የያዘ አንድ ደንበኛ ሰውየውን ሊያስቆመው ከኋላው ተጠጋ፤ ጋሪ ይዛ በአጠገቡ የምታልፈው ሴት የገዳዩ ተባባሪ መሆኗን አላወቀም ነበርና ተኩሳ ገደለችው። በ2018 የምስጋና ቀን ምሽት አላባማ፣ ሁቨር ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል ተኩስ ሲሰማ፣ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ የያዘ የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት በደራሹ ፖሊስ ተገደለ፤ ፖሊስ መጀመሪያ ተኳሹ እሱ ነው ብሎ መግለጫ ሰጠ፣ በኋላ አይደለም አለ። በጥድፊያ መካከል ሽጉጥ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የጥቁር ሰው እጅ ሲሆን ደግሞ የማጣሪያው ጊዜ ያጥራል። በዚህ አገር ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ይህን ሳያስብ ስለ ፈቃድና ስለ መብት ብቻ ሊያወራ አይችልም።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደኝ ገዳይም ጀግናም የሌለበት ነው። በዲሴምበር 30፣ 2014 አይዳሆ ግዛት ሄይደን በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት የ29 ዓመት እናት ልጆቿን ይዛ ዋልማርት ገባች። የሁለት ዓመት ልጇ ጋሪው ላይ ተቀምጧል፣ ቦርሳዋም አጠገቡ ነው። ቦርሳው ሽጉጥ ደብቀው ለሚይዙ ሴቶች ታስቦ የተሠራ፣ ለመሣሪያው የራሱ ኪስና ዚፕ ያለው፣ ባሏ ለገና በዓል የሰጣት ስጦታ ነበር። ልጁ ዚፑን ከፈተ። እናትየው እዚያው ሞተች። ፈቃድ ነበራት፣ መሣሪያ ታውቃለች፣ ሕግ አልጣሰችም። በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት የጅምላ ገዳይን እንደማይመልስ ግልጽ ነው፤ በማርች 2021 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር 10 ሰዎች የተገደሉበት ሱፐርማርኬት የክሮገር ነበር፣ ልመናው ከወጣ ዓመት ተኩል አልፎታል። ወረቀቱ ሊመልስ የሚችለው ካለ ሕግ አክባሪውን ነው፤ ሕግ አክባሪውን መመለስ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች የሄይደንን ዓይነት አደጋ ከሂሳብ ያወጡታል። በቁጥር ተመዝኖ የተረጋገጠ ነገር ከተፈለገ ግን ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ሰፊ ዳሰሳ መሣሪያ የማይገባባቸው ቦታዎች የሚያስከትሉትን ውጤት በተመለከተ መስፈርቱን የሚያሟላ ጥናት አላገኘም።

ወረቀቱ ደኅንነትን ካላረጋገጠ፣ ሕግ አውጪዎች ስለ ወረቀቱ ይህን ያህል ለምን ይጨነቃሉ? የሚኒሶታ ሕግ የጭንቀታቸውን ልክ ያሳያል። ሕጉ ማስታወቂያው «ይህ ድርጅት በዚህ ግቢ ሽጉጥ ከልክሏል» እንዲል፣ ኤሪያል በሚባለው የፊደል ቅርጽ፣ በጥቁር ቀለም፣ አንድ ኢንች ተኩል ቁመት ባላቸው ፊደሎች፣ ቢያንስ 187 ስኩዌር ኢንች ስፋት ባለው መደብ ላይ እንዲጻፍ፣ ከመግቢያው ከአራት ጫማ ሳይርቅ እንዲለጠፍ፣ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከአራት እስከ ስድስት ጫማ ከፍታ ላይ እንዲውል ያዝዛል። ይህን ሁሉ አሟልቶ የለጠፈ ባለመደብር የሚያገኘው ጥበቃ ምንድን ነው? ባለፈቃዱ ታጣቂ ሽጉጡን ይዞ ቢገባና ውጣ ሲባል እምቢ ቢል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ25 ዶላር የማይበልጥ ቅጣት። የመኪና ማቆሚያውን ደግሞ ባለመደብሩ ጭራሽ ሊከለክል አይችልም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ባለሱቁን ለመርዳት የተጻፈ አይመስለኝም፤ በጥቂት ኢንች ስህተት ክልከላው እንዲፈርስ በር የሚከፍት ነው። ኢሊኖይ በአንጻሩ ቀላሉን መንገድ መረጠች። ሽጉጥ ደብቆ መያዝን ከፈቀዱት ግዛቶች የመጨረሻዋ ናት፤ በ2013 ስትፈቅድ ቃል የሌለበት፣ 4 በ6 ኢንች የሆነ፣ በቀይ ክብ የተሰረዘ ሽጉጥ ሥዕል በቂ ነው አለች። የጋርላንዱ ባለሱቅ ያወረደው ወረቀት ቺካጎ ቢሆን ኖሮ ሳይሠራለት አይቀርም ነበር።

ዊስኮንሲን ደግሞ በ2011 ሕጓ ነገሩን በገንዘብ ቋንቋ ተናገረች። ሽጉጥ ያልከለከለ ባለይዞታ ባለመከልከሉ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት በሕግ አይጠየቅም ይላል ሕጉ። የከለከለውስ? ስለ እርሱ ዝም ይላል። ማስታወቂያ ለለጠፈው ተመሳሳይ ከለላ ስላልተሰጠው፣ ነገ በሱቁ ተኩስ ቢከፈትና አንድ ደንበኛ «መከላከያዬን አስወልቀህ አስመታኸኝ» ብሎ ቢከሰው ራሱን በራሱ መከላከል ይኖርበታል። ጠበቃ ያማከረ ነጋዴ ይህን ሰምቶ ወረቀቱን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ማለፊያ ዘዴ ነው፤ መንግሥት አትከልክል አላለውም፣ መከልከሉን ግን አስወደደበት።

ከብሩን ውሳኔ በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄዱ አምስት ግዛቶች አሉ፦ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ሃዋይ። ፈቃድ መስጠትን እንደ ቀድሞው ማጥበብ ስላልቻሉ፣ የዝምታን ትርጉም ገለበጡት። ቀድሞ ባለሱቁ ዝም ካለ ሽጉጥ ይገባል ነበር፤ በአዲሶቹ ሕጎች ዝም ካለ አይገባም፤ እንዲገባ የሚፈልግ ባለሱቅ ፈቅጃለሁ ብሎ መለጠፍ ወይም በቃል መናገር አለበት። ኒው ዮርክ ይህን በ2022፣ ሃዋይ አዋጅ 52 በተባለው የ2023 ሕጓ አወጣች። ፍርድ ቤቶች ተከፋፈሉ። በኒው ዮርክ ላይ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሱቆችን የሚመለከተውን ክፍል አልተቀበለም፤ የምዕራቡ ግን በሴፕቴምበር 2024 የሃዋይን አጸና። የካሊፎርኒያን የጣለው፣ ባለሱቁ ፈቃዱን በማስታወቂያ ብቻ እንዲገልጽ በማስገደዷ ነው። ሦስት የማዊ ደሴት ነዋሪዎች የሃዋይን ጉዳይ ወደ ላይ ወሰዱት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር 2025 ለማየት ተቀበለው።

ክርክሩ የተመሠረተባቸው ሰነዶች ራሳቸው ታሪክ አላቸው። በብሩን መሠረት አንድ የመሣሪያ ሕግ የሚጸናው ከአገሪቱ ታሪክ ተመሳሳይ ሲገኝለት ነው። ሃዋይ ካቀረበቻቸው ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በ1771 ኒው ጀርሲ ያለባለቤቱ ፈቃድ በሰው መሬት ላይ ጠመንጃ ይዞ መሄድን የከለከለችበት ነው፤ ሌላው የሉዊዚያና የ1865 ሕግ ነው። የሁለተኛው ዓመት ብቻውን ይናገራል። የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዳበቃ፣ የደቡብ ግዛቶች ነጻ የወጡትን ጥቁሮች ለማሰር ካወጧቸው ጥቁር ሕጎች ከሚባሉት ጋር የወጣ ነው፤ መሬቱ የነጭ ነው፣ ባለመሬቱ ሳይፈቅድ መሣሪያ አይያዝም ማለት ነጻ የወጣው ሰው ትጥቅ ይፍታ ማለት ነበር። ዛሬ የመሣሪያ ቁጥጥር የሚደግፍ ግዛት ያንን ሕግ እንደ አብነት ማቅረቡ፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የጥቁሮችን መብት ጠበቃ ሆነው መቆማቸው፣ ለታዛቢ ትንሽ ያስገርማል።

እኔ በዚህ ክርክር ከሃዋይ ጎን ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ከ1771 የተወሰደ አይደለም። ሽጉጥ በልብሱ ስር የያዘ ሰው መያዙን ያውቃል፤ ባለሱቁ አያውቅም። የሚያውቀው ሰው ለማያውቀው ይንገር ማለት የሚከብድ ግዴታ አይመስለኝም። በሌላ ወገን፣ አብዛኛው ሱቅ ከስንፍናም ይሁን ከጥንቃቄ ምንም ስለማይለጥፍ፣ ከሳሾቹ ደሴቲቱ በሞላ ተዘጋችብን ማለታቸው ከንቱ ጩኸት አይደለም። ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ግሮሰሪ፣ ጋዝ ስቴሽን፣ ፋርማሲ መግባት የማይችል ሰው መብቱን የሚጠቀምበት አስፋልቱ ላይ ብቻ ይሆናል። ዝምታ ወደየትም ቢተረጎም አንዱን ወገን ይጎዳል፤ ነጻ የሆነ ዝምታ የለም።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ወገናችን ይህ የንድፈ ሐሳብ ነገር አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች ባለ ምግብ ቤት፣ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ደብቆ ገብቶ ክትፎውን መብላት ይችላል፤ ቢራ ግን ሊጠጣ አይችልም፤ ባለቤቱ ካልፈለገ ደግሞ ፈቃዱ አያስገባውም። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መቀመጥ ራሱ የተከለከለ ነው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢያልፍ፣ የሜሪላንድ የ2023 ሕግ ሥራ ላይ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የፌዴራል ዳኛ የግል ሱቆችንና መጠጥ ቤቶችን የሚመለከቱ ክፍሎቹን ስላገዱት፣ ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ሄደ። የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ሽጉጥ ያለው ታክሲ ነጂ በአንድ ሽፍት ሦስቱንም ሊያዳርስ ይችላል።

ወደ ጋርላንዱ ባለሱቅ ልመለስ። ሕጉን በተቻለኝ መጠን አስረዳሁት። 30.06ን የጣሰ ባለፈቃድ ከ200 ዶላር የማይበልጥ እንደሚቀጣ፣ ውጣ ተብሎ በቃል ተነግሮት እምቢ ካለ ግን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር ሊደርስበት እንደሚችል ስነግረው፣ «እና ዋናው አፌ ነው በለኛ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ ከካሽ ሬጅስተሩ ስር የራሱ ሽጉጥ አለው። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ ጎራ ከሚሉት ደንበኞቹ መካከልም ታጥቀው የሚነዱ እንዳሉ ያውቃል፤ እነሱን ማስቀየም አይፈልግም። ቢሆንም ልጆች የሚገቡበት ቤት ነው አለ፤ አንዴ አንድ ሰው በርበሬ ሊያነሣ ሲያጎነብስ ከወገቡ የወጣውን አይቶ የደነገጠች እናት ነገሩን አንሥታበታለች።

ማስመሪያ አመጣና በሩን መለካት ጀመረ። ሦስት ማስታወቂያ፣ በሁለት ቋንቋ፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ኢንች። የቤተ ክርስቲያኑን ጉዞ ማንሣት አልደፈረም፣ ጊዜው አላለፈም። የገንዘብ ማስተላለፊያው ይከፍለዋል። የክፍል ኪራዩን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ለጠፈው። የሽጉጡን ሥዕል ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ማስመሪያውን እንደያዘ፣ ከላይ የቀረችውን ባዶ ቦታ እንደገና ለካት።